አውራ ጎዳናውን የሚያይ ክፍል

ሥራህ ምንድን ነው ሲሉኝ «ቀን መዝጋት» እላለሁ። ቀልድ ይመስላቸዋል። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ፣ ውሃ ዳር ባለ አንድ ሆቴል የሌሊት ተረኛ ነኝ፤ ሙያው «ናይት ኦዲት» ይባላል። እንግዳው ሁሉ ሲተኛ የየክፍሉን ሒሳብ እመዘግባለሁ፣ 15.95 በመቶ የሆቴል ታክስ እጨምርበታለሁ፣ የሬስቶራንቱን ደረሰኝ ከካርድ ማሽኑ ጋር አመሳክራለሁ። ከዚያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ አንድ ቁልፍ ስጫን ኮምፒውተሩ ከማክሰኞ ወደ ረቡዕ ይሻገራል። ፈረንጅ እኩለ ሌሊት ላይ ነገ ሆነ ይላል፤ እኛ ጎሕ ሲቀድ እንላለን፤ ሆቴል ውስጥ ግን ሒሳቡ ካልተዘጋ ቀኑ አያልፍም። (ሰዓቱን በእኛ፣ ዓመቱን ደግሞ «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር በፈረንጅ እየቆጠርኩ ነው። አሥራ አራት ዓመት እዚህ ኖሬም ሰዓት መቀየር አልሆነልኝም።)

ሰፈሩ ዘ ዎርፍ ይባላል። ከካፒቶሉና ከሙዚየሞቹ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ከአውራ ጎዳናው ማዶ፣ ዋሽንግተን ቻናል የሚሉት የፖቶማክ ክንድ ዳር ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ ጥቅምት 2017 ተከፈተ፤ ሁለተኛው ከአምስት ዓመት በኋላ። ከዚያ በፊት ጥቂት የባሕር ምግብ ቤቶችና ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ነበር። አሁን ቢሮ አለ፣ አፓርታማ አለ፣ 6,000 ሰው የሚይዝ ዘ አንተም የሚባል የሙዚቃ አዳራሽ አለ፣ ሆቴል አለ፣ ምግብ ቤቱማ አይቆጠርም። መሬቱ የከተማው ሆኖ ለአልሚዎቹ በ99 ዓመት ሊዝ ነው የተሰጠው። ሊዝ የሚለውን ቃል ስሰማ ጆሮዬ ይቆማል። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይገባዋል።

እንዲህ ያለውን ግንባታ የእኛ የፕላን ሰዎች «ቅይጥ» ይሉታል። ደስ የሚል ቃል ነው፤ ሠርገኛ ጤፍን ያስታውሰኛል፣ ነጩን ከቀዩ ለይተህ የማትለቅመውን። የቅይጥን ሒሳብ ያስተማረኝ ግን የፕላን ባለሙያ አይደለም፤ ከሆቴላችን ሥር ባለው ፓርኪንግ የሚሠሩ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። እኔም ሆቴል ከመግባቴ በፊት መሀል ከተማ ፓርኪንግ ሠርቻለሁ። ዲሲ ኖሮ ፓርኪንግ ያልሠራ ሐበሻ ካገኛችሁ ጠቁሙኝ።

ከላይ ስታዩአቸው ሕንጻዎቹ ለየብቻ ናቸው፤ ከመሬት በታች ግን መኪናው አንድ ላይ ነው የሚያድረው። ጠዋት የቢሮ ሠራተኛ መኪናውን ያቆማል፣ 11 ሰዓት ላይ ይወጣል። ማታ 1 ሰዓት ላይ ለኮንሰርት የመጣው ቦታውን ይይዛል፣ 5 ሰዓት ላይ ይወጣል። ከዚያ ዘግይቶ የገባ የሆቴል እንግዳ ያሳድርበታል። «አንዷን ቦታ በቀን ሦስቴ እንሸጣታለን» ይላሉ ጋሼ። «ካዛንቺስ አንድ አልጋ ለቀን ፈረቃና ለማታ ፈረቃ ይከራይ አልነበር? እሱው ነው። ስሙን ነው የቀየሩት።»

ሆቴሉስ ለምን አስፈለገ? ይህንን በዓይኔ ነው ያየሁት። የቢሮ ሰው ምሳውን ቋጥሮ ይመጣል። የአፓርታማ ነዋሪ ቤቱ ያበስላል፣ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። የሆቴል እንግዳ ግን ማጀት የለው፣ ዘመድ የለው፣ ማታ የሚሄድበት ቤት የለው፤ ቁርሱንም እራቱንም ከደጅ ይገዛል። ነገ እሱ ሲሄድ ኪሱ ያልተነካ ሌላ ሰው ይተካዋል። አዲስ ሰፈር የለመደ ደንበኛ የለውም፤ ሆቴሉ በየቀኑ ሰው እያመጣ ሰፈር ያስመስለዋል። ማስመሰል ስል ለማጣጣል አይደለም፤ ሠርግ ቤትም መጀመሪያ ተነስተው የሚጨፍሩት ሚዜዎቹ ናቸው።

የሚያስቀኝ የካኖፒና የሃያት ሃውስ ነገር ነው። ካኖፒ የሂልተን ቤት ነው፣ 175 ክፍል፤ ሃያት ሃውስ የሃያት፣ 237። ሁለቱ ተፎካካሪዎች አንድ ሕንጻ ውስጥ ገብተዋል። የምኒልክ ጎዳናው ሂልተንና የመስቀል አደባባዩ ሃያት ጣሪያ ሲጋሩ አስቡት፤ ጣውንቶች በአንድ ጎጆ! ኢንተርኮንቲኔንታል 278 ክፍል አለው፤ በ2022 የተከፈተው ፔንድሪ 131። የሥራ ልማድ ሆኖብኝ ስደምረው 821 ይመጣል። የትኛው ዘንድ እንደምሠራ አልነግራችሁም።

ሆቴላችን ክፍሎቹን በሁለት ዓይነት ዋጋ ይሸጣል። የፊቶቹ ውሃውን ያያሉ፤ ጀልባውን፣ ማዶ ያለውን የኢስት ፖቶማክ ፓርክ ዛፍ፣ በመጋቢት መጨረሻ የቼሪውን አበባ። የኋላዎቹ የሚያዩት ሜይን አቬኑንና ከዚያ ወዲያ ያለውን 395 የሚባለውን አውራ ጎዳና ነው። የኋላው ይረክሳል። እንግዳ የኋላ ክፍል ሲደርሰው ፊቱ እንዴት እንደሚሆን ስለማውቀው ቁልፉን ሳቀብል ዓይኔን ኮምፒውተሩ ላይ ተክዬ ነው።

በ2019 ሐምሌ ላይ፣ ለእሑድ አጥቢያ፣ ሒሳቡን ልዘጋ ስዘጋጅ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ከሊፍቱ ወጥተው ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡ። ሸሚዛቸው ተተኩሷል፤ እግራቸው ላይ ግን የሆቴሉ ነጠላ ጫማ ነው። ለቤተሰብ መሰባሰብ ከመጡት አንዱ ናቸው፤ ልጆቻቸው ተጨማሪ ከፍለው ውሃውን የሚያየውን ክፍል ይዘውላቸዋል። ክፍል ቀይርልኝ አሉኝ። የኮንሰርቱ ጩኸት አስቸግሯቸው መሰለኝና ይቅርታ ማለት ጀመርኩ። «አይደለም» አሉ። «ከኋላ በኩል ስጠኝ። መንገዱን ማየት ነው የምፈልገው።»

እዚህ ሥራ ላይ ብዙ ጉድ ተጠይቄአለሁ። በሌሊት ሎሚ፣ የክራር ኪራይ፣ አንዴ ደግሞ የንስሐ አባት። አውራ ጎዳና አሳየኝ ብሎ የለመነኝ ግን አልነበረም።

«የእናቴ ማእድ ቤት እዚያ ነበር» አሉኝ፣ ከጀርባዬ ባለው ግድግዳ አሳልፈው በጣታቸው ወደ 395 እየጠቆሙ። «ሦስተኛው መስመር ላይ ይመስለኛል።»

የኋላ ክፍል ቁልፍ ሰጠኋቸው፤ እሳቸው ግን አልወጡም። ሎቢው ውስጥ ካለው ወንበር አንዱን ስበው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ከየት ነህ አሉኝ። ኢትዮጵያ ልል ሲገባኝ ካዛንቺስ አልኳቸው። እናትህስ? እዚያው ቤት ናት አልኩ፤ ከአርባ ዓመት በላይ ሆናት፣ እሷን ከዚያ የሚያነሳት የለም። ኩራት ነበረው አነጋገሬ። ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ወረቀቱ ሲመጣ ቀኑን ጻፈው» አሉኝ። «እናቴ ሁሉንም ታስታውስ ነበር፤ የግድግዳውን ቀለም፣ የጎረቤቱን ውሻ ስም። ወረቀቱ የመጣበትን ቀን ግን እስክትሞት ልታስታውሰው አልቻለችም። ያቃጥላት ነበር።»

ሲመጣ ነው ያሉት። ቢመጣ አላሉም። እኔም ደንበኛ ንጉሥ ነው በሚለው ሕግ ራሴን ነቅንቄ ዝም አልኩ።

ስለ ሰፈሩ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ሌሊት በኋላ ነው። ዎርፍ ያለበት ሳውዝዌስት የሚባለው የከተማው ክፍል ከፓርኪንጉ በፊት ሰፈር ነበር፤ ጥቁሮችና ከአውሮፓ የመጡ አይሁዶች የሚኖሩበት፣ ሱቁ ከነዋሪው ደጃፍ የማይርቅበት። በ1950ዎቹ «የከተማ እድሳት» ተብሎ ከ23,000 በላይ ሰው ተነሳ፤ ከጥቂት ሕንጻዎች በቀር ሁሉም ፈረሰ። አራተኛ ጎዳና ላይ የነበረ የአንድ ትልቅ ሱቅ ባለንብረቶች ሱቃችን የተጎሳቆለ አይደለም፣ ለምን ይወሰዳል ብለው ከሰሱ፤ ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ። በኅዳር 1954 ዳኞቹ በአንድ ድምፅ ፈረዱባቸው። የበርማንና የፓርከር መዝገብ ይባላል። ከተማ ጤናማ ብቻ ሳይሆን ውብም፣ ንጹሕ ብቻ ሳይሆን ሰፊም እንዲሆን መወሰን የሕግ አውጪው ሥልጣን ነው ይላል ፍርዱ።

ፍርዱ ውስጥ ቁጥር አለ፤ ቁጥር ደግሞ እንጀራዬ ነው። ክርክር የተነሳበት ክልል ውስጥ 5,012 ሰው ይኖራል፤ 97.5 በመቶው ጥቁር። ከቤቶቹ 57.8 በመቶው መጸዳጃቸው ደጅ ነው፤ 60.3 በመቶው መታጠቢያ የላቸውም፤ 29.3 በመቶው መብራት የላቸውም። ሁለት ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሐሰት የተጻፈ ነው ብዬ መናደድ ፈልጌ ነበር፤ አልቻልኩም። የእኛም ግቢ ሽንት ቤት ለሰባት ቤተሰብ አንድ ነበር፣ በሩም በገመድ ነበር የሚታሰረው። የመጣ ቆጣሪ ሁሉ እሱን ይመዘግባል። ሽንት ቤት ለመቁጠር ይመቻል። ሰባቱ ቤተሰብ በክረምት ፌስታሉን ተራ በተራ ጣሪያ ላይ እንደሚዘረጋ፣ የታመመ ሲኖር ማን ሾርባ እንደሚያመጣ የሚጻፍበት ዓምድ ግን ቅጹ ላይ የለም።

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ከጣሊያን ነው። ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው ድርጅታቸው በምህጻሩ ኢንቺስ ይባል ነበር፤ ቤቶቹም «ካዜ ኢንቺስ»። ሕዝቡ አላምጦ ካዛንቺስ አደረገው፤ ላ ጋርን ለገሃር እንዳደረገው ሁሉ። እኔ ሳድግ ከግቢያችን ፊት ለፊት ጠጅ ቤት፣ ከጠጅ ቤቱ ጎን ልብስ ሰፊ፣ ከልብስ ሰፊው ጀርባ አልጋ የሚያከራይ ፔንሲዮን ነበር። ከአስፋልቱ ማዶ ደግሞ ለአፍሪካ ኢኮኖሚክ ኮሚሽን ስብሰባ የመጣ እንግዳ የሚያርፍበት ባለ ኮከብ ሆቴል። ቅይጥነቱን ያቀደለት ሰው አልነበረም። የፔንሲዮኑ አንሶላ የሚታጠበው እኛ ግቢ ነው፤ የሚሰጣውም እኛ ገመድ ላይ። እማዬ በወር ይከፈላት ነበር። እንግዲህ የሆቴል ሥራ የጀመርኩት ያኔ ነው ማለት ይቻላል፤ ደመና ሲዳምን እየሮጥኩ አንሶላ በመሰብሰብ።

ዎርፍ ላይ አንሶላው ሌሊት በመኪና ተጭኖ ርቆ ይሄዳል፤ የት እንደሚታጠብ አላውቅም። እኔም ሲነጋ እንደ አንሶላው ነኝ፤ ከዋተርፍሮንት ጣቢያ አረንጓዴውን ባቡር፣ ከዚያ ቀዩን፣ ከዚያ ሲልቨር ስፕሪንግ። ከሌሊት ባልደረቦቼ መካከል ዎርፍ ላይ ቤት ያለው አንድም የለም። ቢሮ፣ መኖሪያ፣ ሆቴል፣ ሙዚቃ፣ ፓርኪንጉ ሳይቀር በአንድ መሠረት ላይ ተቀይጧል። የአንዱ ኑሮ በሌላው ገመድ ላይ ግን አልተሰጣም። ከሁሉም በላይ የገባኝ ልዩነት ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ማብራሪያ ነው።

ይህን ካልኩ በኋላ እውነቱን ሁሉ ልናገር። ልጆቼ ዎርፍን ይወዱታል። ውሃው ላይ በተሠራው መድረክ ጫፍ ትልልቅ ዥዋዥዌ አለ፤ እዚያ ከተቀመጡ አይነሱም። ቦርሳ የሚፈትሽ የለም፣ ወዴት ነው የሚል ዘበኛ የለም፣ ምንም ሳትገዛ ቀኑን ሙሉ ብትውል የሚያስነሳህ የለም። ያን የካዛንቺሱን ባለ ኮከብ ሆቴል በር እኔ እስከ ሃያ ዓመቴ አላለፍኩትም፤ አጥሩ ከጠጅ ቤታችን ሠላሳ እርምጃ ቢሆንም። ስለዚህ የድሮው ሁሉ ክፍት፣ የአዲሱ ሁሉ ዝግ ነበር ብዬ ብጽፍ እማዬም ትስቅብኛለች።

የዓሣ ገበያው ደግሞ አለ። ከ1805 ጀምሮ እዚያው ሜይን አቬኑ ዳር ነው፤ በመላው አሜሪካ ካሉት ክፍት የዓሣ ገበያዎች ሳይቋረጥ በመሥራት አንጋፋው። ሻጮቹ ውሃ ላይ በሚንሳፈፍ መደብር ሆነው እየጮኹ ይሸጣሉ። ያ ሁሉ ሲፈርስ እሱ ተረፈ፤ አሁን የሰፈሩ ጌጥ ሆኗል። በጾም ወራት ቅዳሜ ብትመጡ ሐበሻው ሸርጣኑን በዓይኑ ጥግ እያየ አልፎ ስናፐር ሲያስመዝን ታገኙታላችሁ። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ለአባቶች ትቼዋለሁ። ጥብሱን ግን አልተውኩም።

በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ደረሰ። እማዬ አሁን የምትኖረው ከከተማው ዳር ባለ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሽንት ቤቱ የራሷ ነው፣ ሴራሚክ ነው፤ ደውላ መጀመሪያ የነገረችኝም እሱን ነው። ውሃ ሁልጊዜ አይመጣም፤ ደረጃው ጉልበቷን ያማታል። ይህን ሁሉ እየሳቀች ነው የምታወራው። ድምፅዋ የሚለወጠው እድሩ ላይ ስትደርስ ነው። ሠላሳ ዓመት ከፍላለች። አባሎቹ በየሳይቱ ተበትነዋል፤ ድንኳኑና ወንበሩ የት እንደተቀመጠ አንዱ ይህን፣ አንዱ ያን ይላል። «ድንኳኑ እኔ ጋ ለመድረስ ሁለት ታክሲ ሊይዝ ነው ልጄ» አለችኝ አንድ ቀን። ታክሲ የሚይዝ ድንኳን! ሁለታችንም ሳቅን። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አልሳቅኩም።

ለውበት ነው የፈረሰው ሲሉ ስሰማ የ1954ቱ ፍርድ ትዝ ይለኛል። የአዲስ አበባን አዲሱን መንገድ በቪዲዮ አየዋለሁ፤ ያምራል፣ አያምርም ብዬ አልዋሽም። እዚያ መንገድ ላይ ነገ የሚቆመው ሆቴል የሌሊት ተረኛ ያስፈልገዋል፤ የካዛንቺስ ልጅ ሊሆንም ይችላል፤ ማታ ከኮንዶሚኒየም ተነስቶ ሁለት ታክሲ ይዞ የሚመጣ። ውብ የሚለውን ቃል እኔም እጠቀምበታለሁ፤ በየምሽቱ ቁልፍ ሳቀብል «ውብ እይታ አለው» እላለሁ፣ ውሃውን ለሚያየው ክፍል። የሆቴላችን ኮሪደር ላይ የድሮ ሳውዝዌስት ፎቶዎች ተሰቅለዋል፤ ጀልባ፣ የገበያ ምልክት፣ የኦይስተር ቅርጫት። አንድ ሌሊት ፎቅ በፎቅ እየዞርኩ ሰው ያለበት ፈለግኩ። ስድስተኛ ፎቅ ላይ አንድ አለ፤ ጀርባውን ሰጥቶ ገመድ የሚጎትት። ሽማግሌው ሲመለሱ ላሳያቸው አስቤ ነበር፤ አልተመለሱም።

ወረቀቱ የመጣ ዕለት እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ስልኬ ሲጮህ የሬስቶራንቱን ደረሰኝ እያመሳከርኩ ነው፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረው፤ እማዬ ጋ ከጠዋቱ 4 ሰዓት። በዚህ ሰዓት ደውላ አታውቅም። ወረቀት ሰጥተውናል አለች። ምን እንደሚል ጠየቅኳት፤ መነጽሬን አጥቼ ነው፣ የጎረቤት ልጅ አንብቦልኛል አለች። ቀናት ብቻ እንዳላቸው፣ ዕቃውን እንዴት እንደምታደርገው፣ አንሶላ የሚሰጣበትን የብረት ምሰሶ ማን እንደሚነቅለው ዘረዘረች። እኔ መናገር አልቻልኩም። ከዚያ የሽማግሌው ነገር መጣብኝና «እማዬ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» አልኳት።

«አንተ ሰው ጤና ነህ?» አለች። ቆየት ብላ፦ «የሚካኤል ማግሥት ነው። ትናንት ጸበል ቀምሰን ነበር፤ ሁላችንም ነበርን።»

ጥቅምት 13፣ 2017 ዓ.ም.። የእንግዶች ጥያቄ በምንጽፍበት መዝገብ ጀርባ ላይ ጻፍኩት። እማዬ ጋ ረቡዕ ረፍዷል፤ ፊቴ ያለው ኮምፒውተር ላይ ገና ማክሰኞ ነው፣ እኔ እስክጫነው ድረስ። ሒሳቡ ሁሉ ተስተካክሏል፤ የቀረው ያቺ አንዷ ቁልፍ ናት።

የዘጋሁት 10 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ሪፖርቱን አይቶ ለምን እንደዘገየ ጠየቀኝ። ሲስተሙ ነው አልኩት።